ፊት የነካ ይጠርጋል

ማስተር ገዛኸኝ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። አምስት ኪሎ አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ዳቦዬን በሻይ እያራስኩ ሳለ ሱራፌል የሚባል የድሮ ተማሪው ገባና አየኝ። "ጋሽ ዳምጤ፣ አልሰሙም እንዴ?" አለኝ። ከየት ልሰማ? ሰፈራችን ሲፈርስ ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ወደ ኮንዶሚኒየም ተበተነ። አንዱ ሲሞት ሌላው የሚያውቀው እንዲህ ሻይ ቤት ተገናኝቶ ነው። ድሮ የእድር ጡሩምባ ነፊው በርህ ላይ ቆሞ ይጮኽልህ ነበር፤ አልሰማም ብትል እንኳን አይተውህም። አሁን ስልኩ የተዘጋበት ሰው ለቅሶም አይደርሰው።

ስኳር ነው የገደለው። መጀመሪያ የእግሩን ጣት ወሰደ፣ ቀጥሎ ዓይኑን አደከመ፣ ከዚያ ኩላሊቱ ላይ ወጣ። ሱራፌል ይህን ሲነግረኝ ጎናችን የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ስለማን እንደምናወራ ገባውና፣ "ያ የካራቴው ሰውዬ? ታዲያ ካራቴው አላዳነውም?" ብሎ ሳቀ። ሻይ የምትቀዳዋም ልጅ ሳቀች። እኔ አልተቆጣሁም። ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ ስጠይቅ የኖርኩት እኔው ነኝ፣ ያውም እየሳቅኩ። ከምር የተጠየቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጠየቁት ሴትም አልሳቁም።

ደግ ሰው ስለነበር አይደለም የምጽፍለት። ደግ ሰው ብዙ አውቃለሁ፣ አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ይህ ሰው አንድ ነገር ሲያስተምር ኖረ። ያስተማረው ነገር በትክክል ሲሠራ አየ። ከዚያ በኋላ ቀሪ ዕድሜውን ያንኑ ነገር ከገዛ እጁ ላይ ለማውጣት ሲታገል ጨረሰው። ይህን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ ስለዚህ አልረሳውም።

ቀን ቀን አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነበር። ከሥራ ሲወጣ አፍንጮ በር ወዳለው የቀበሌ አዳራሽ ይመጣና ካራቴ ያስተምራል። እኔ የአዳራሹ ዘበኛ ነበርኩ። ዕድሜያችን እኩል ስለነበር አንተ እንባባላለን፤ ሌላው ሁሉ፣ የሚበልጡትም ጭምር፣ አንቱ ነበር የሚሉት። አጭር፣ ቀጭን፣ ትከሻው ጠባብ ነበር። ልጁን ለማስመዝገብ የሚመጣ ወላጅ እሱኑ አስቁሞ "ማስተሩ የት ናቸው?" ብሎ ሲጠይቀው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። "አሁን ይመጣሉ" ብሎ ይገባል፤ ነጩን ልብስ ለብሶ ይወጣል። ልብሱን በበረኪና ስለሚያጥበው እጅጌው ጫፍ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ካራቴውን ወጣት ሳለ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ሲያገለግል፣ ከአንድ አለቃው እንደተማረ ነግሮኛል። ከዚያ በላይ ስለራሱ አይናገርም።

አንድ ልማድ ነበረው። ከመናገሩ በፊት የቀኝ እጁን ጣቶች ዘርግቶ ያያቸዋል። ማተሚያ ቤት የለመደው ነገር ነው። የወረቀት መቁረጫው ቢላ የሰው ክንድ የሚያክል ነው፤ ሲወርድ ወረቀትና ጣት አይለይም። አብረውት ከገቡት መካከል ጣታቸው የሞላ ጥቂቶች ናቸው አለኝ። "ቢላው አይቆምም፤ ስለዚህ እጅ መቆም መልመድ አለበት" ይል ነበር። ካራቴውንም ያስተማረው በዚያው መንገድ ይመስለኛል።

የአዳራሹ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ጽሑፍ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ በሚሰጥ ትምህርት። ያን ቀይ ጽሑፍ ለዓመታት ሳየው ኖሬ አንድ ቀን አፌ ላይ መጣልኝ፤ በሕይወቴ በራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። *ፊት የነካ ይጠርጋል።* አንብቤ ስጨርስ "ይኼው ነው?" አልኩ። ትልቅ ነገር የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

ለእሱ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ቆመው ሲማቱ ቡጢው ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ፊት ይሄድና አንድ ጣት ሲቀረው መቆም አለበት። ቀስ ብሎ የሄደ ቡጢ አይቆጠርም። የነካ ደግሞ፣ በጥቂቱም ይሁን፣ መጥረጊያ ይዞ ያን ሳምንት አዳራሹን ይጠርጋል። ለእኔ ጥሩ ነበር፣ ሥራ አቀለለልኝ። የቀበቶ ፈተና ቀን ደግሞ ሻማ ያበራል። ተማሪው ወደ ሻማው በቡጢ ይሰነዝራል፤ ነበልባሉ በንፋሱ ብቻ መጥፋት አለበት። ሻማውን የነካ ወደቀ። "መራገጥማ በቅሎም ትራገጣለች" ይላቸው ነበር። "ሰው የሚያደርግህ ማቆሙ ነው።"

እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም ነበር። ያደግኩት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ሸክም እየተሸከምኩ ነው፤ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ ካታ የሚሉትን የካራቴ ልምምድ በመሥራት አላገኘሁትም። አዳራሹ ደፍ ላይ ቁጭ ብለን ብዙ ተከራክረናል።

"ድልድዩ ጋ ድብድብ ምን እንደሚመስል ልንገርህ" አልኩት አንድ ቀን። "እጅ መንሳት የለም። ከኋላ ድንጋይ ነው። ፊት ለፊት ከመጣም ኮሌታህን ጨምድዶ በቴስታ አፍንጫህን ይልሃል። ከወደቅክ ሦስት ሆነው በካልቾ ነው። የናንተ ጎንበስ ቀና የት ይገባል?"

"አይገባም" አለኝ።

"ታዲያ ምን ታስተምራቸዋለህ?"

"እዚያ እንዳይደርሱ።"

"ከደረሱስ?"

ጣቶቹን አየ። "ከደረሱ ይሮጣሉ። በየቀኑ ትምህርቱን የምንጀምረው በምንድነው? በሩጫ አይደለም?"

እንዲህ ነበር። ስትይዘው ያመልጥሃል፤ ግን ሲያመልጥህ አያፌዝብህም።

አንድ ጊዜ መታገስ አልቻልኩምና ሱራፌልን፣ ያኔ ገና ሰማያዊ ቀበቶ የያዘ ጉረኛ ነበር፣ "ና እስቲ፣ እኔን ማጅራት መቺ አድርገኝ" አልኩት። ሊገጥመኝ ቆመና መጀመሪያ እጅ ነሳ። ጎንበስ ሲል ጋቢዬን ራሱ ላይ ጣልኩበትና አንገቱን ብብቴ ስር አስገባሁት። እዚያ ውስጥ ሆኖ በምን ቋንቋ እንደሚለፈልፍ አይታወቅም። አዳራሹ በሳቅ ሞተ። ገዛኸኝ መጣ፣ ሱራፌልን ከጋቢው አወጣ፣ ፊቱን አገላብጦ አየና መጥረጊያውን ለእኔ ሰጠኝ። "ፊቱን ነክተሃል" አለ። ዘበኛውም እኔ፣ ጠራጊውም እኔ፤ ምን አዲስ ነገር አለው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ተማሪዎቹ እጅ ሲነሱ ዓይናቸውን ፊታቸው ከቆመው ሰው ላይ እንዳይነቅሉ አዘዘ። ከእኔ የተማረው ያችን ብቻ ነው።

ለፍርድ ያህል ሌላውንም መናገር አለብኝ። አንድ የበዓል ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰካራም የሰበረውን የቢራ ጠርሙስ በአንገቱ ይዞ አዳራሹ በር ላይ ቆመ። "የታለ ማስተር የምትሉት? ዛሬ እንተያያለን" ይላል። እኔ ዱላዬን አነሳሁ። ገዛኸኝ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣና፣ "ይግቡ፤ ግን እዚህ በጫማ አይገባም" አለው። ሰውየው ጫማውን አየ። ገዛኸኝን አየ። ከዚያ ጠርሙሱን መሬት አስቀምጦ ማሰሪያውን ሊፈታ ቁጭ አለ። ሰካራም የጫማ ማሰሪያ ሲፈታ አይታችሁ ከሆነ ምን ያህል እንደሚቆይ ታውቃላችሁ። ሁለተኛው እግር ላይ ሲደርስ ማልቀስ ጀመረ፤ ሚስቱ ጥላው ሄዳ ኖሯል። ገዛኸኝ ጎኑ ተቀምጦ አዳመጠው፣ ጠርሙሱን እኔ አነሳሁ። በኋላ "ካራቴው የቱ ጋ ነው?" ስለው፣ "ጫማው ጋ" አለኝ። በዚያ ቀን እሱ ረታኝ። ሌላ ቀን ግን የምመልስለት ነበረኝ፤ ምነው ባልኖረኝ።

ጀማል የእትዬ ዘሃራ ልጅ ነበር። እትዬ ዘሃራ ከወሎ መጥተው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ጀማል አንድ ልጃቸው ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ዓይነት። ቀን እናቱን ይረዳል፣ ማምሻውን አዳራሽ ይመጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ አድጎ ጥቁር ቀበቶ ላይ ደርሷል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ መጥረጊያ ነክቶ አያውቅም። እንደሱ ፈጥኖ የሚሄድና እንደሱ ኮሽ ሳይል የሚቆም እጅ አላየሁም። እሱ ያጠፋው ሻማ ጭሱ እንኳን ቀጥ ብሎ ነበር የሚወጣው። ከፊቱ የቆመው ልጅ ሽፋሽፍቱ ሲርገበገብ ይታያል፤ ቆዳው ግን አይነካም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ገዛኸኝ ጀማልን ይጠራና ያሳየዋል፤ አንድ ሰው አዲስ ልብሱን ለእንግዳ እንደሚያሳየው።

"ይሄን ልጅ ማንም ምንም አያደርገውም" አለኝ አንድ ምሽት።

"ቴስታ ያውቃል?" አልኩት።

"አያውቅም።"

"እንግዲያው እግዜር ይጠብቀው።"

ሳቀ። እኔም ስቄ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ነው። አንድ ሌባ የእትዬ ዘሃራን ቦርሳ ማንገቻ በሴንጢ ቆርጦ ሮጠ። ጀማል ተከተለው። መሮጥማ ተምሯል፤ ግን ወደ ሌባው ነበር የሮጠው። እናቱ ናቸዋ የተዘረፉት፣ ወዴት ይሩጥ? የድልድዩ መከለያ ጋ ደረሰበት። ቀሪውን የነገረኝ እዚያ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ነው፤ ቆሞ እያንዳንዷን በእጁ እያሳየ ነገረኝ።

"ቡጢው እንደ መብረቅ ነው የመጣው ጋሼ፤ አለቀለት አልን" አለኝ። "ከዚያ አፍንጫው ጋ ሲደርስ ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ።"

ሌባው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር አለ። የሚመጣው ነገር ሳይመጣ ሲቀር ገለጠው። ቡጢውን አየ፣ ጀማልን አየ። ጀማል ግን ሌባውን አላየውም፤ የገዛ ቡጢውን ነበር የሚያየው። ሴንጢው ሆዱ ውስጥ የገባው ያኔ ነው።

ሆስፒታል ከገዛኸኝ ጋር ሄጄ ነበር። ጀማል ገና ይናገራል። እኛን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ፤ በዚያ ሁኔታ እንኳን ለማስተሩ ሊነሳ ነው፤ ነርሷ ያዘችው።

"ማስተር፣ እጄ ቆመ" አለ።

ወቀሳ ቢኖርበት ይሻል ነበር። አንድ ተማሪ ፈተና ላይ ያጋጠመውን ነገር ለአስተማሪው እንደሚያስረዳ ነው የተናገረው። "ልመታው ነበር እኮ። በራሱ ቆመ።"

"አውቃለሁ" አለው ገዛኸኝ። እጁን ያዘው፣ ቀኙን። ጀማል በማግስቱ ሞተ፣ በዚያው ቀን ተቀበረ።

ይህን ታሪክ ያልሰሙ ሰዎች አሁንም ይጠይቁኛል። ይሄ ከጥንት የመጣ ካራቴ፣ ካታው፣ ቀበቶው፣ እጅ መንሳቱ፣ መንገድ ላይ ይሠራል ወይ ይሉኛል። ይሠራል እላቸዋለሁ። ጀማል ላይ ሠርቷል። ልክ የተማረውን አደረገ፣ አንድ ጣት አላጎደለም። ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ነገሩ ከአእምሮው ወርዶ ክንዱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ክንዱ ባለቤቱን አያማክርም። አዳራሽ ውስጥ ይሄ ጥበብ ነው። ድልድዩ ላይ ሞት ነው።

ለቅሶው ላይ ገዛኸኝ ከወንዶቹ ጋር ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ቀናትን አሳለፈ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ያ ነው የከፋው። ጎረቤቱ ሁሉ ማስተር ይበሉ፣ ማስተር ይጠጡ ይለዋል። በመጨረሻ እትዬ ዘሃራ ከቤታቸው በር ላይ ሆነው አስጠሩት። እኔም ተከትዬው ሄድኩ። ነጭ ሻሽ አስረዋል፣ ዓይናቸው ደርቋል።

"ማስተር" አሉት፣ "ልጄን ምን ነበር የሚያስተምሩት?"

ገዛኸኝ ጣቶቹን አላየም። ቀጥ ብሎ እሳቸውን ነበር የሚያየው።

"አለመምታት" አላቸው።

"እሱንማ" አሉ እትዬ ዘሃራ፣ "እኔም አስተምሬው ነበር።"

ገብተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

አዳራሹን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልከፈተውም። ሲመለስ የቀለም ጣሳና ብሩሽ ይዞ ነበር። የግድግዳውን ጽሑፍ በነጭ ቀብቶ፣ እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ ጠብቆ፣ በላዩ በቀይ ሌላ ጻፈ። እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ አነበብኩ። *ያቆመ ይጠርጋል።*

"ደግ አደረግክ" አልኩት። ከልቤ ነበር። እንዲያውም ክርክራችንን ያሸነፍኩ መስሎኝ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝነት ነው።

ስፖንጅ የተጠቀጠቀ የራስ ቆብ በገዛ እጁ ሰፍቶ አመጣ። ተማሪዎቹን አሰልፎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቡጢ ፊት ላይ ያርፋል፣ ሳያርፍ የቀረበት መጥረጊያውን ያነሳል አላቸው። አዲሶቹ ወዲያው ለመዱት፤ ሲጀመርም ማቆም አይችሉም ነበርና። የቆዩት ተቸገሩ። ከሁሉም የተቸገረው ግን እሱ ነው። ቆብ ያደረገውን ልጅ ፊቱ አቁሞ "እንዲህ" ብሎ ሊያሳይ ይሰነዝራል፤ ቡጢው ስፖንጁ ጋ ሲደርስ ቀጥ። እንደገና ይሰነዝራል፤ ቀጥ። ጆንያ ይመታል፣ ሳንቃ ይሰብራል፤ ያ ችግር የለበትም። ፊት ሲሆን፣ ዓይን ያለው ነገር ሲሆን፣ እጁ እሺ አይለውም። ከዚያ ሄዶ መጥረጊያውን ያነሳል።

መጀመሪያ ቀን ተማሪዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። በሁለተኛው ቀን ማንም አልሳቀም። እንዲህ ሆኖ ቀረ፤ በየቀኑ ማስተሩ ያቆማል፣ በየቀኑ ማስተሩ ይጠርጋል። "ኧረ ማስተር፣ በሞቴ እኛ እንጥረግ" ሲሉት "ተራዬ ነው" ይላል።

አንድ ቀን ሁሉም ከሄዱ በኋላ ጋቢዬን አወለቅኩና ፊቱ ቆምኩ።

"ምታኝ" አልኩት። "ተማሪህ አይደለሁም። ብዙ ሰው መትቶኛል፣ አንተ አትገድለኝም።"

አላንገራገረም። ቆመ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ሰነዘረ። ቡጢ አውቃለሁ፤ ያ ጥርስ የሚያወርድ ቡጢ ነበር። ንፋሱ ሽፋሽፍቴን ነካኝና ቆመ። "ድገመው" አልኩት። ደገመው። ቆመ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ላይ ይወርዳል። እኔም ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም። የማይባል ነገር አልኩት፤ "ለጀማል ብለህ ምታኝ እንጂ" አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። በዚህ ጊዜ ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ቡጢው አፍንጫዬ ጋ ቆሟል። እሱም የገዛ ቡጢውን ያያል፤ ሊስትሮው እንደነገረኝ፣ ጀማል እንዳየው።

"ያሰርኩት እኔ ነኝ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "መፍቻውን ግን አላውቀውም።"

ዞሮ ሄደ። የሚያመጣውን አውቅ ነበርና ቀድሜው ወጣሁ። ሲጠርግ ማየት አልፈለግኩም።

ተማሪዎቹ ቀስ በቀስ አለቁ። የማይመታ ሰው መምታት ሲያስተምር ማን ይማራል? ሱራፌል ወደ ቦክስ ሄደ፤ ሌሎቹ መስታወት በመስታወት ወደሆኑት አዳዲስ ጂሞች ሄዱ። እዚያ በመጀመሪያው ቀን ጓንት አጥልቀውልህ ፊትህን ይሉሃል፤ ይሻላል መሰለኝ፣ እኔ እንጃ። ገዛኸኝ ጡረታ ከወጣ በኋላም ቢሆን መምጣቱን አልተወም። አንዳንድ ቀን ሁለት፣ አንዳንድ ቀን አንድ ተማሪ ይኖረዋል። እትዬ ዘሃራ ጨርቃቸውን ሰብስበው ወደ ወሎ ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ሊሰናበታቸው ሄዶ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

በመጨረሻ አዳራሹ ሊፈርስ ነው ተባለና በሩ ላይ ቀይ ምልክት አደረጉበት። ወንበርና ጠረጴዛውን ጭነው ወሰዱ። ለእኔም ሌላ ቦታ ተመድበሃል አሉኝ። ዶዘሩ ነገ ጠዋት ይመጣል በተባለበት ቀን አመሻሽ ላይ፣ ባዶውን ቤት ልጠብቅ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ ገዛኸኝ ከዘራ ተደግፎ መጣ። ስኳሩ እግሩን ጀምሮት ነበር። ጫማውን ከበሩ ላይ አወለቀ፣ አንደኛው እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል። ነጩን ልብስ አልያዘም። መሃል ላይ ቆሞ ለባዶው አዳራሽ እጅ ነሳ፤ እኔ እንዳስተማርኩት ዓይኑን ሳይነቅል። ከዚያ ከዘራውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጥግ የቀረውን መጥረጊያ አነሳ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"ልጠርግ።"

"ሰውዬ፣ ነገ እኮ አፈር ነው የሚሆነው። ደግሞስ ዛሬ ማንን ሰንዝረህ አቆምክ?"

"ተራዬ ነው" አለኝ።

ከግድግዳው ጀምሮ ወደ በሩ እየጠረገ መጣ። በእግሩ ምክንያት ቀርፋፋ ነበር፣ ግን ጥግ አልዘለለም። የኮርኒሱ ፍርፋሪ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ ዕቃ ያወጡት ሰዎች የረገጡት ጭቃ፣ ሁሉንም ሰብስቦ እየገፋ እኔ እስካለሁበት ድረስ መጣ። ደፉ ላይ ነበርኩ፣ እግሬን ወደ ውስጥ ዘርግቻለሁ። ማንሳት እችል ነበር። አላነሳሁም። ይንካኝ ብዬ ነው።

መጥረጊያው ጫማዬ አፍንጫ ጋ ሲደርስ ቆመ። በመሃል አንድ ጣት የምታህል ቦታ ነበረች። ቀና ብዬ አየሁት። እግሬን እስካነሳለት ጎንበስ እንዳለ ቆሞ ይጠብቃል።